ሪሉ ብርድ ላይ ድርቅ ሲል፦ ግራሶ ነው ወይስ ውሃ?

ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ፣ በረዶ በሠራ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠመደ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቤት ውስጥ ለስለስ ብሎ ሲዞር የነበረው ሪል (ዘንጉ ላይ ታስሮ ክሩን የሚጠቀልለው መሣሪያ) ውጭ ሲወጣ እጀታው ይከብዳል። አንዳንዴም ጭራሽ ድርቅ ይላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዓሣው ነክሶ ዘንጉን ሳብ ስታደርጉ እጀታው ወደ ኋላ ተፈትልኮ ጣታችሁን ሲጠልዝ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ሪሉ ተበላሽቷል" ይልና አዲስ ይገዛል። አዲሱም በዚያው ብርድ፣ በዚያው መንገድ ይደርቃል።

ነገሩን ስከታተለው የደረስኩበት ቀላል ነው። ብርድ ላይ ሪልን የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የረጋ ቅባትና በረዶ የሆነ ውሃ። የቀረው ችግር በአብዛኛው ከእነዚህ የሚወለድ ነው። የሁለቱ መፍትሔ ግን አይገናኝም። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ካቻቢቴ ይዞ ሪል መፍታት ትርፉ ድካም ነው፣ ብሎንም ያስጠፋል።

እኔ መጀመሪያ የማየው ችግሩ መቼ እንደጀመረ ነው። ክሩ ገና ውሃ ሳይነካ እጀታው ከከበደ ጥፋተኛው ቅባት ነው። ደህና ሲሠራ ቆይቶ ክሩ ወጣ ገባ ካለ በኋላ ካስቸገረ ግን ውሃ ገብቶ በረዶ ሠርቷል። እጅም ይለየዋል። የረጋ ቅባት ዙሩን በሙሉ እኩል ነው የሚያከብደው፣ ደጋግማችሁ ስታዞሩት ደግሞ ትንሽ ይላላል። በረዶ የሆነ ቦታ ላይ ይይዛል፤ ገፋ ስታደርጉት ቀጭ ብሎ ይለቅና ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይይዛል። ይህን ስትሰሙ በጉልበት አትግፉ። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ስለዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ የገባ ጠብታ አንዱን ነገር ወጥሮ ይዟል ማለት ነው። በዚያ ላይ የእጀታ ጉልበት ሲጨመርበት የፕላስቲክ ክፍል ወይም የማርሽ ጥርስ ሊሰበር ይችላል።

ፍተሻውን የማካሂደው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የቤት ፍሪዘር አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆም ከዚህ የተሻለ ላቦራቶሪ የለም። ውሃ ያልነካው ሪል በላስቲክ በደንብ ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ (የቤቱ ሰው ከሥጋው አጠገብ ሲያየው የሚለውን ቻል ማድረግ ነው)። ጠዋት አውጥቼ ወዲያው፣ ሳይሞቅና ሳያልበው፣ በጓንት ይዤ አዞረዋለሁ። ውሃ ሳይነካው ከከበደ ያለ ጥርጥር ግራሶው ነው። ቀለል ብሎ ከዞረና ውጭ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ የውስጡን ትቼ ውሃው በየት እንደሚገባ መፈለግ እጀምራለሁ። ከጥገና በኋላም ይህንኑ እደግማለሁ፤ ፍሪዘር ያላለፈ ሪል ይዤ አልወጣም።

ወደ ቅባቱ እንምጣ። ግራሶ በቁጥር ይመደባል። መኪና ጋራዥ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ 2 ቁጥር ነው፣ ከዚያ እየቀጠነ 1፣ 0፣ 00 እያለ ይወርዳል። "ቀጭኑን ልግዛ" ብላችሁ ብቻ ግን አትሂዱ፣ ምክንያቱም ያ ቁጥር የሚለካው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ከዜሮ በታች ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም። ብርድ ላይ የሚወስነው ግራሶው የተሠራበት ዘይት ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣው ተራ ዘይት ውስጥ ትንሽ ሰም ይቀራል፣ ሲበርድ ያ ሰም ይረጋና ዘይቱን ይዞት ይቆማል። ሲንተቲክ የሚባለው ይህ ሰም ስለሌለበት ብርዱን ይቋቋማል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚሠራ የተጻፈውን ፈልጉና ከምትወጡበት ብርድ ዝቅ የሚለውን ምረጡ።

መጠኑ ደግሞ ከዓይነቱ እኩል ወሳኝ ነው። ሪሉን ከፍቼ አሮጌውን ግራሶ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ሙልጭ አድርጌ አወጣዋለሁ፤ በአዲሱ ግራሶ የማርሹን ጥርስ በስሱ ቀባ ቀባ አደርግና እዘጋለሁ። ጥርሶቹ መሀል ስስ ሽፋን ያህል ከታየ በቂ ነው። የተረፈው ግራሶ ከማርሹ ተገፍቶ ጥግ ጥግ ላይ ይከማቻል፣ ብርድ ላይ ደግሞ እጀታው ያንን ሁሉ ሲያርስ ይውላል። ኩሽኔታዎቹ ላይ ግራሶ አላደርግም፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ። ሁለት ነገር ልጨምር። ቤንዚንና የካርቡሬተር ማጽጃ አንዳንድ ፕላስቲክ ይበላሉ፣ ሪል ላይ አትጠቀሙባቸው። ለዛገ ብሎን የሚረጨው ቀጭን ስፕሬይም ቅባት አይተካም፤ ያለውን ግራሶ አጥቦ ያወጣና ራሱ ይተንናል።

አሁን ጣት ወደሚመታው እጀታ። ስፒኒንግ ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት ስፑል ሳይዞር ዙሪያው ያለው ራስ የሚሽከረከርበት) ውስጥ እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዝ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ኩሽኔታ አለ። በውስጡ ትናንሽ ዘንጎች ዙሪያውን ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸውንም ቀጭን ሞላ ወደ ጠባቡ ጎን ይገፋቸዋል። ወደ ኋላ ለማዞር ሲሞከር እዚያ ጠባብ ቦታ ይጣበቁና ይቆልፋሉ። የሞላዎቹ ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዘይቱ ከወፈረ፣ ወይም ከማርሹ የተረፈ ግራሶ እዚያ ከደረሰ፣ ዘንጎቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ ሞላው መግፋት ያቅተዋል፣ እጀታውም ሽው ይላል። ስለዚህ ይህ ችግር ሲመጣ ቅባት የሚጨምር ሰው ነገሩን እያባሰው ነው። መፍትሔው ቅባቱን ማውጣት ነው። ስፑሉንና የሚሽከረከረውን ራስ አውጥቼ ኩሽኔታውን እንዳለ፣ ሳልበትነው፣ በአልኮል አጥበዋለሁ። አልኮሉ ተንኖ እስኪያልቅ እተወዋለሁ፣ ከዚያ በመርፌ ጫፍ በጣም ቀጭን ዘይት አስነካዋለሁ። መበተን የማልወደው ያን ያህል ትንሽ ሞላ ምንጣፍ ላይ ከወደቀ አለቀ፣ ስለማይገኝ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የትኛው ሮንዴላ ከየትኛው በፊት እንደነበር ማስታወስ የማይቻልበት ሰዓት ይመጣል።

የውሃው ችግር ከውጭ ነው የሚጀምረው። ክሩን የሚሰበስበው ሽቦ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያልፍባት ትንሽ ተሽከርካሪ አለች፣ መጀመሪያ በረዶ የሚሠራውም እሷ ላይ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩዋት። ዙሪያዋን እንደ መስታወት የጠራ ስስ በረዶ ለብሳለች፣ ክሩ ደግሞ በረዶው መሀል አንዲት ጠባብ ቦይ ቆፍሮ በዚያች ብቻ ይንሸራተታል። ተሽከርካሪዋ ቆማለች ማለት ነው። ክሩ እየተፋተገ ይላላጣል፣ እየተጠማዘዘም ይገባል፣ ቆይቶ ስፑሉ ላይ ሲተበተብ "ክሩ ርካሽ ነው" ይባላል። እኔ ዘንጉን ባነሳሁ ቁጥር በአውራ ጣቴ ገፋ አደርጋታለሁ። ካልዞረች ጓንቴን አውልቄ በጣቴ ትንሽ እይዛታለሁ፣ ትለቃለች። ሽቦውንም በእጀታው ሳይሆን በእጄ ነው የምዘጋው። ብርድ ላይ ሽቦው በግማሽ ተዘግቶ ሊቀር ይችላል፣ በእጅ ስትዘጉት ግን ገጭ ብሎ መግባቱ ይሰማችኋል።

የዘንጉ ቀለበቶች ላይ የሚጋገረውን በረዶ በጥፍርም በቢላም አትፈልፍሉት፣ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ይሰነጠቃል። ላይተርም አይሆንም፣ ክሩን ያቀልጠዋል። የዘንጉን ጫፍ ውሃው ውስጥ መንከር ይሻላል። ከሐይቁ በረዶ ሥር ያለው ውሃ ምንም ቢበርድ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ ወደ ታች ሲኬድ እስከ 4 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ የቀለበቱን በረዶ ለማቅለጥ ያ ይበቃል። ነክራችሁ ካወጣችሁ በኋላ ግን ዘንጉን አራግፉት። የሚነከረው የዘንጉ ጫፍ ብቻ ነው፣ ሪሉ በጭራሽ። ሪሉን በረዶ ላይ ማስቀመጥም አይገባም፤ የእጅ ሙቀት ያቀለጠው ብናኝ ወደ ውስጥ ይወርድና እንደገና ይጋገራል።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚያደርጋትን አንዲት ነገር ላንሳ። ሪሉ ሲደርቅ አፍ ላይ አድርጎ "ሃ" ማለት! ለጊዜው ያላቅቀዋል፣ ግን ትንፋሽ እንፋሎት ነው። ቀዝቃዛው ብረት ላይ ወዲያው ውሃ ይሆናል፣ ደቂቃዎች ሳይቆዩም በረዶ። በተነፈሳችሁበት ቁጥር ለሚቀጥለው መጋገር ውሃ እያቀረባችሁ ነው። ማሞቂያ ያለው ድንኳን ውስጥ ገባ ወጣ ማለትም እንዲሁ ነው። ቀዝቃዛው ሪል ሞቃት አየር ሲያገኘው ያልበዋል፣ ላቡ ጓርኒሲዮን በሌለበት ቀዳዳ ሁሉ ይገባል፣ ውጭ ስትወጡ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ወይ ውስጥ ነው ወይ ውጭ፣ መመላለስ የለም። ወደ ቤት ስመለስ ሪሉን ውጭ እያለ ላስቲክ ውስጥ አስገብቼ አፉን እዘጋለሁ፣ ቤት ውስጥ እንደታሸገ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ላቡ ላስቲኩ ላይ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ሲሞቅ አውጥቼ ስፑሉን ነቅዬ፣ ፍሬኑን (ዓሣው ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቀውን) አላልቼ አየር ላይ አሳድረዋለሁ።

ፍሬኑን ካነሳን፣ ዓሣ የሚያሳጣ ችግር ይህ ነው። ስፑሉ ሥር ያሉት ሮንዴላዎች ውሃ ጠጥተው ሲጋገሩ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እጀታው ደህና ይዞራል፣ ሁሉ ሰላም ይመስላል፣ ትልቁ ዓሣ ሲጎትት ግን ፍሬኑ ክር አይሰጥም፣ ቀጭኑ ክር ጧ ይላል። ፈልት ከሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ የተሠሩት ሮንዴላዎች ውሃ ይይዛሉ፣ የካርቦኖቹ ግን ብዙም አይጠጡም። መለወጥ ከቻላችሁ ለውጡ፣ ላያቸውንም ለፍሬን በተሠራ ግራሶ በስሱ ቀቡ። ካልቻላችሁም በየመሀሉ ክሩን በእጅ ሁለት ክንድ ያህል ጎትቱት። ሲነሳ ነጠቅ አድርጎ ከዚያ ከለሰለሰ መያዝ ጀምሯል ማለት ነው፣ ላላ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ሳቡት።

ክሩም የራሱ ድርሻ አለው። ተራው ናይለን ብርድ ላይ ይገተራል፣ የስፑሉን ክብ ቅርጽ እንደያዘ እንደ ሞላ ተጠቅልሎ ይወጣል። የተገመደው ክር ቅርጽ አይዝም፣ ግን በግምዱ መሀል ውሃ ይሸከምና ሪሉም ቀለበቱም ላይ ያራግፈዋል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፣ ግን ገተር ያለ ነው። ለእኔ የሠራው የተገመደውን ለድንኳን፣ ፍሎሮካርቦኑን ለሜዳ መተው ነው። የተገመደውን ሜዳ ላይ መጠቀም ካለብኝ ስጠቀልል በግራ እጄ ሁለት ጣቶች ክሩን ቆንጠጥ አደርጋለሁ፣ ውሃው ጓንቱ ላይ ይቀራል። ጓንቱ ይጋገራል፣ ተለዋጭ ጓንት ይያዝ።

ስፑሉ ተጋድሞ የሚዞረውን ቤይትካስተር በዚህ ሁሉ መንገድ ሞክሬዋለሁ። ክሩን ግራና ቀኝ እየመራ የሚደረድረው ክፍል ከፊት ለፊት ውሃውን ሁሉ ስለሚቀበል ጠመዝማዛው ጉድጓድ ውስጥ በረዶ ይሞላና ይቆማል። ቅባት ብለውጥም ብቀንስም ያው ነው። ከዜሮ በታች ሲሆን እሱን ቤት እተወዋለሁ፤ በረዶ ላይ ቀጥታ ወደ ታች ለማጥመድ ማርሽ የሌለው፣ ስፑሉ ራሱ እንደ ጎማ የሚዞረው ሪል ይሻለኛል። ክር አይጠመዝዝም፣ የሚረጋ ግራሶም የለውም ለማለት ይቻላል፣ በረዶ ቢይዘው እንኳ የያዘበት ቦታ በዓይን ይታያል።