ከመተቃቀፉ በፊት ያሉት ዘጠኝ ሰከንዶች

በአጭር ድራማዬ የመጀመሪያ ረቂቅ እናትና ልጅ ከ20 ዓመት በኋላ በር ላይ ይገናኛሉ፤ ይሮጣሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ይላቀሳሉ። እናት ደግሞ አንድ ገጽ ሙሉ ትናገራለች። ድራማው በጠቅላላው 8 ደቂቃ ነው። ተዋንያኑ ከልባቸው አለቀሱ፤ እኔ ግን ቀረጻውን ስመለከት ዓይኔ ደረቅ ነበር። የራሴ ድርሰት ስለሆነ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ለወዳጆቼ ሳሳያቸው ግን አንዱ መሀል ላይ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

አንዱ ጥፋት የካሜራ ነበር። ለስልክ እንዲመች በቁመት፣ በ9 ለ16 ምጥጥን ቀርጸናል። በዚህ ጠባብ ክፈፍ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲተቃቀፉ ስክሪኑን የሚሞላው የአንዳቸው ጀርባ ነው። ተመልካቹ የሚጓጓለትን ፊት በገዛ እጄ በትከሻ ጋረድኩት። የባሰው ጥፋት ግን የድርሰቱ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉንም አልቅሰው ለተመልካቹ ምንም አላስተረፉለትም።

ያን ሰሞን በኦሪት ዘፍጥረት የዮሴፍን ታሪክ ደግሜ አነበብኩ። ወንድሞቹን የሚያያቸው በምዕራፍ 42 ነው፤ ራሱን የሚገልጥላቸው በምዕራፍ 45። እስከዚያ ድረስ ዘወር ብሎ ያለቅሳል፣ ወደ ጓዳ ገብቶ ያለቅሳል፣ ከዚያም ፊቱን ታጥቦ ይወጣል። ያ ፊት መታጠብ ነበር እኔ የጎደለኝ።

የእናትን ንግግር በሙሉ ሰረዝኩት። አሁን በሩን ስትከፍት የምታየው ፂሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ በአክብሮት «ማንን ፈልገው ነው?» ትለዋለች። እሱ መልስ ያጣል። ዘጠኝ ሰከንድ ያህል ዝም ብላ ታየዋለች፤ ከዚያ «ከስተሃል» ትለዋለች። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የተሻገረችበት ያ አንድ ቃል ገጹን ሙሉ ተካው። ቋንቋችን ይህን በነጻ እየሰጠን እኔ በሙዚቃ ስደክም ነበር!

በሁለተኛው ቀረጻ የእናትን ፊት በቅርብ የያዘውን ቀረጻ አስቀደምኩ። በመጀመሪያው ጊዜ ከሩቁ ጀምረን ትዕይንቱን ደጋግመን ስንቀርጽ የተዋናይቷ እንባ ካሜራው ፊቷ ሳይደርስ አልቆ ነበር። ለሰው ሠራሽ እንባ የሚቀባው ፈሳሽ፣ ግሊሰሪን፣ ዓይንን ያረጥባል እንጂ ፊትን አያስለቅስም። የክፍሉንም ባዶ ድምፅ ለብቻው ለአንድ ደቂቃ ቀዳን፤ ያለ እሱ ዝምታው የድምፅ ብልሽት ይመስላል። አርታኢው ዘጠኙን ሰከንድ ወደ አራት ለማውረድ ሁለት ቀን ተከራከረኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በአጭር ድራማ ውስጥ ዘጠኝ ሰከንድ ውድ ነው፤ ለመክፈል ስል መግቢያውን ቆረጥኩ።

እቅፉን ጨርሶ አላሳየሁትም። እናት ቦርሳውን ከእጁ ተቀብላ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ እሱ ደፉ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ሙዚቃው የሚጀምረው እዚያ ነው። ያ ስልኩን ሲነካካ የነበረው ወዳጄ ዓይኑን እየጠረገ «ታዲያ አልተቃቀፉም እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ።