ወታደር የሌለበት ብልቃጥ

ዛሬ ወታደር ስፈልግ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ብልቃጧ ከፓናማ ነው የመጣችው። አልኮሉ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ምስጦች አሉ፤ ሁሉም ሠራተኞች፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ ሆዳቸው በበሉት አፈር የጠቆረ። አንድ በአንድ በማይክሮስኮፕ አየኋቸው፤ ጎጆውን የሚጠብቀው፣ ወታደር የሚባለው ምስጥ ግን የለም። ምስጥ ሲለይ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ወታደሩ ነው፤ የራሱ ቅርጽ፣ የመንጋጋው ጥርስ። ወታደሩን እኔ ከማይክሮስኮፕ በፊት ነው የማውቀው። ልጅ ሆነን ወለጋ ውስጥ ኩይሳ በዱላ ስንነድል ቀድሞ ብቅ የሚለው ያ ትልቅ ራስ ነበር፤ ጣት ከያዘ አንገቱ ይበጠሳል እንጂ አይለቅም። ስለዚህ ሰብሳቢው ቸኩሎ ወታደሮቹን ትቷቸው መጥቷል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ በሆዴ ሳማው ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ አየችኝና ሳቀች። የእነዚህ ጎጆ ቢታረስም ወታደር አይገኝበትም አለችኝ።

ለካ አፒኮተርሚቲኔ የሚባለው የምስጥ ንዑስ ቤተሰብ አፍሪካ ውስጥ ወታደር ያላቸውም የሌላቸውም አባላት አሉት፤ በሁለቱ የአሜሪካ አህጉራት ያሉት ግን አንዳቸውም የላቸውም። ብራዚል፣ ብሉሜናው ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1873 አኖፕሎተርሜስ ብሎ ሰየማቸው፤ መሣሪያ የሌለው ምስጥ እንደማለት። አንዷን ዝርያ ደግሞ ፓሲፊከስ፣ ሰላማዊ፣ ብሎ ጠራት። ከዳርዊን ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ የነበረ ሰው ነው፤ ስም ማውጣትም ይችልበታል። ሰላማዊነታቸው ግን አይጋነን፤ ዘመዶቻቸው ሩፕቲተርሜሶች ጠላት ሲመጣባቸው የገዛ ገላቸውን አፈንድተው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያለብሱታል።

ታዲያ ወታደር ከሌለ በምን ይለዩ? ለረጅም ዘመን ከእነዚህ አህጉራት የተገኘ ወታደር አልባ ምስጥ በአብዛኛው አኖፕሎተርሜስ የሚባል ጆንያ ውስጥ ሲጨመር ኖሯል። መለያው የተገኘው ሠራተኛው አንጀት ውስጥ ነው። የኋለኛው አንጀት ወደ ሰፊው ከረጢት ሲገባ፣ በሩ ላይ አንዲት ቫልቭ አለች፤ ውስጧ ጥቃቅን እሾህ ተደርድሮበታል፣ አደራደሩም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአኖፕሎተርሜስ መግለጫ እንደገና ሲጻፍ ሎንጉስቲተርሜስ የሚባል አዲስ ጂነስ፣ ማለትም የተቀራረቡ ዝርያዎች ወገን፣ አብሮ ወጣ። ጆንያው መፈታት ጀምሯል።

እማዬ ስትደውል ነገርኳት። «የሰው ሆዱ፣ የወፍ ወንዱ አይታወቅም ይባላል፤ አንተ የምስጥ ሆድ ልታይ ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው?» አለችኝ። ቤቷን ሁለት ጊዜ ምስጥ የበላባት ሴት ናት፤ ለእሷ ምስጥ ሁሉ አንድ ነው፣ ስሙም ጠላት ነው።

ሆድ መቅደዱ ቀላል ነው፤ አሳሩ አፈሩን አጥቦ ቫልቯን ሳይቀዱ ማውጣት። አምስቱን በወረንጦ አበላሸሁ። ስድስተኛዋ ሙሉ ወጣች፤ ስላይድ ላይ ዘርግቼ እሾሁን ከታወቁት ዝርያዎች የቫልቭ ሥዕሎች ጋር አስተያየሁ። ከአንዱም አልገጠመም። አልኮል ቀለም ስለሚያጥብ ወረቀቷ ላይ በእርሳስ «ፓናማ፣ አፒኮተርሚቲኔ» ብዬ ጽፌ ብልቃጧ ውስጥ ከተትኳት። የጂነሱን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ነገ ሰባተኛዋን እቀዳለሁ።