ዓይኑን ለካሁ፣ አንገቱን አላየሁም

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍላችን ውስጥ በሞተር ሳይክል አደጋ ጭንቅላቱን የተጎዳ ወጣት ተኝቷል። በመድኃኒት እንዲተኛ ተደርጎ በማሽን ይተነፍሳል። እንዲህ ያለ ታካሚ "ራሴን አመመኝ" አይልም፤ ቢጠሩትም አይመልስም። ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት መጨመሩን በሌላ መንገድ ማወቅ ግድ ነው።

አስተማማኙ መንገድ የራስ ቅልን በስቶ ቀጭን ቱቦ ማስገባት ነው። እኛ ጋ ያን ሌሊት ይህ አልነበረም። የነበረን አልትራሳውንድ ነው። በተዘጋው የዓይን ቆብ ላይ ጄል በዛ አድርገን ፕሮቡን (በእጅ የሚያዘውን የአልትራሳውንዱን ጫፍ) ሳንጫን እናሳርፋለን። ከዓይን ኳሱ ጀርባ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብለን የዓይን ነርቩን ከነሽፋኑ እንለካለን። በሽፋኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንጎልን ከከበበው ጋር የተገናኘ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር ሽፋኑም ይወጠራል። ከ5 አልፎ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ እንሰጋለን።

ማታ የመዘገብኩት 5.3 ነበር። አሁን 6.2 ሆነ። ሌላኛው ዓይን 6.1። ደገምኩት፤ ያው ነው። የዓይኑ ብሌኖች እኩል ናቸው፤ ብርሃን ሲያዩም ይጠባሉ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ተረኛው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ጋ ደወልኩና የጭንቅላት ግፊትን የሚቀንሰው መድኃኒት፣ ማኒቶል፣ እንዲዘጋጅ አዘዝኩ።

ሲስተር ማኒቶሉን ይዛ መጣች። እኔ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ እዚህ ክፍል የሠራች ናት። ከማንጠልጠሏ በፊት አንሶላውን ከትከሻው ዝቅ አደረገች።

"ዶክተር፣ እስቲ ይቺን አንገት እያት።"

ቅድም ስናገላብጠው ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ እንደዞረ ቀርቷል። የመተንፈሻ ቱቦውን የያዘው የጨርቅ ማሰሪያ ደግሞ ፊቱ ባበጠ ቁጥር ጠብቆ ጠብቆ አንገቱን ይዞታል። ጣቴን ከሥሩ ላስገባ ሞከርኩ፤ አልገባም። ከጆሮው ዝቅ ብሎ ቀይ ሰንበር አውጥቷል።

የራስ ቅል ክዳኑ እንደማይነሳ ድስት ነው። ደም በአንገት በኩል መውረድ ካቃተው እዚያው ይጠራቀማል። ይህን ለተማሪዎች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ!

እሷ ቱቦውን ግጥም አድርጋ ያዘች፤ እኔ ቋጠሮውን ፈታሁ። አላልተን አሰርነው። አንገቱን አቃንተን ግራና ቀኙን በተጠቀለለ ፎጣ ደገፍነው። የአልጋውን ራስጌ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ አደረግን። ከ20 ደቂቃ በኋላ ስለካው 5.5 ሆነ። ማኒቶሉ አጠገባችን ተዘጋጅቶ አደረ እንጂ አልተሰጠም። አንደኛው ብሌን ሰፍቶ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ ደቂቃም መጠበቅ አይገባንም ነበር። በነጋታው የተነሳው ሲቲ ስካንም አዲስ የደም መፍሰስ አላሳየም።

አልትራሳውንዱ አልተሳሳተም፤ ግፊቱ በእርግጥ ጨምሮ ነበር። ፊቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ስለካ ማሰሪያው ከእጄ አንድ ስንዝር አይርቅም። አሁን ቻርት ላይ ከሚሊ ሜትሩ ጎን "አንገት ቀጥ፣ ማሰሪያ የላላ፣ ራስጌ 30" ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ሳላይ ፕሮብ አላነሳም።

ጠዋት እናቱ ሊጠይቁት ገቡ። ሰንበሩን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።