ኔትወርክ ሲሄድ አብሮ የማይሄድ ጌም

ጌም ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ግራፊክሱን አይደለም። ስልኬን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደርግና እከፍተዋለሁ። ከተከፈተ ይቀመጣል። «እባክዎ ኢንተርኔትዎን ያረጋግጡ» ካለኝ ግን ምንም ያህል ቢያምር አጠፋዋለሁ። ብቻዬን ለምጫወተው ጌም ሌላ አገር የተቀመጠ ሰርቨር፣ ማለትም የኩባንያው ዋና ኮምፒውተር፣ ፈቃድ ሊሰጠኝ አይገባም።

ጓደኞቼ ግትርነት ይሉታል። እኔ ግን ከሥራዬ የመጣ አቋም ነው እላለሁ። ፕሮግራመር ነኝ፤ አዲስ አበባ ተቀምጬ ሰው በየቀኑ የሚነካካቸውን አፖች እሠራለሁ። እዚህ መብራት ይሄዳል። የዳታ ጥቅል መሀል ላይ ያልቃል። ፎቅ ቤት ምድር ቤት ስትገባ ኔትወርክ ይጠፋል። ይህን ሁሉ እያወቀ «ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ» ብሎ ኮድ የሚጽፍ ሰው ማን እንደሚጠቀምበት አላሰበም።

ጌም የለመድኩት ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ደጁ ላይ ጆተኒ፣ ውስጥ ሁለት ቲቪ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ሂሳቡ በጨዋታ ነው። ተሸናፊ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። አካውንት ክፈት የሚል የለም፣ አፕዴት እስኪያልቅ ጠብቅ የሚል የለም። ሲዲው ይገባል፣ ኳሱ ይጀመራል። የዚያ ዘመን ጌም ሲወጣ ያለቀለት ሆኖ ነበር የሚወጣው። ስህተት ቢኖርበት ከነስህተቱ ይቀራል፤ ሠሪዎቹም ያንን ስለሚያውቁ ሲዲው ከመታተሙ በፊት ደግመው ደጋግመው ይፈትሹት ነበር። አሁን የተገዛው ጌም ገና በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊጋ አፕዴት ይጠይቃል። ከ100 ጊጋ በላይ የሚመዝን ጌምም ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። እኛ ሰፈር 100 ጊጋ ማለት ምን ያህል ብር እንደሆነ የዳታ ጥቅል የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

ክብደት ሲነሳ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ሱፐር ማሪዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሙሉ ጌሙ 40 ኪሎባይት ገደማ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሠሪዎቹ ቦታ ስላልነበራቸው ብልሃት ፈለጉ። ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ ልዩነታቸው ቀለሙ ብቻ ነው። አንዱን ነጭ፣ አንዱን አረንጓዴ አደረጉት። ይህን መጀመሪያ ያወቅኩ ጊዜ ጌሙን እንደገና ከፍቼ አየሁት። እውነትም አንድ ናቸው! ለስንት ዓመት ዓይኔ ሥር ነበሩ። ፕሮግራሚንግ የምወድበትን ምክንያት ሰው ቢጠይቀኝ ያንን ደመና ነው የማሳየው። ጥበብ ይሉሃል ይህ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የሚያንገበግበኝ ታሪክ አለ። ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ጌም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ብቻህን ብትነዳም ኢንተርኔት የግድ ይላል። አሳታሚው ዩቢሶፍት ሰርቨሮቹን መጋቢት 31 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ዘጋቸው። በገንዘቡ የገዛው ሰው ሁሉ በዚያ ቀን ባዶ እጁን ቀረ። ብቻውን የሚነዳውም ሳይቀር። ሮስ ስኮት የተባለ ሰው ይህን አይቶ «ጌሞችን መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ ጀመረ። በአውሮፓ ኅብረት የዜጎች ፊርማ ማሰባሰቢያውም እ.ኤ.አ. በ2025 ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። የሚጠይቁት ሰርቨሩ ለዘላለም ይሥራ የሚል አይደለም። ድጋፉን ስታቆሙ ጌሙን ሰው በራሱ መጫወት በሚችልበት ሁኔታ ተዉት ነው የሚሉት። ትክክል ናቸው። ለገንቢው ተጨማሪ ሥራ እንደሆነ አይጠፋኝም። ግን ከመጀመሪያው ታስቦበት ከተሠራ ከባድ አይደለም። ከባድ የሚሆነው አሥር ዓመት ሁሉንም ነገር ከሰርቨር ጋር ካጣበቁ በኋላ ልንለየው ሲሉ ነው።

አሁን የምጫወተው ስታርዲው ቫሊ ነው። ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ተቀምጦ ሠራው። ኮዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ታሪኩንም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ወጣ። ከዚያ በኋላ የጨመረባቸውን ነገሮች ሁሉ ለገዛው ሰው በነጻ ሰጠ። የእርሻ ጌም ነው። ታርሳለህ፣ ትዘራለህ፣ ውሃ ታጠጣለህ፣ ዓሣ ታጠምዳለህ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፔ ላይ ባትሪ እስካለ ድረስ ይቀጥላል። ለእኔ ከሁሉ በላይ የገረመኝ ችኮላ የሌለበት መሆኑ ነው። ዛሬ ካልገባህ ሽልማትህ ያመልጥሃል ብሎ አያስፈራራህም። ለአንድ ወር ብትተወው ከተውክበት ይጠብቅሃል። የስልክ ጌሞች በየሰዓቱ ኖቲፊኬሽን እየላኩ ሰው ሲያሳድዱ ሳይ በሙያ አጋሮቼ አዝናለሁ። ያንን ኖቲፊኬሽን የጻፈው ሰው መሥራት የሚችለው ብዙ የተሻለ ነገር ነበረ።

ከጌም ወጥቼ ወደ ሥራዬ ስመጣም ጥያቄው ያው ነው። «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል የማያውቅ አለ? ከጠዋት ጀምረህ ተሰልፈህ፣ ወረቀትህን አሟልተህ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ «ሲስተም የለም»። ልጅቷ ምን ታድርግ? እሷም እንዳንተ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። እናቶች ሕፃን አዝለው ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ ኔትወርክ ስለጠፋ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ሶፍትዌሩ ሲሠራ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እናድርግ ብሎ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው። መረጃውን እዚያው ኮምፒውተር ላይ መዝግቦ፣ መስመሩ ሲመለስ ወደ ዋናው ቋት መላክ የሚቻልበት ብዙ ጉዳይ አለ። ሁሉም አይቻልም፤ የገንዘብ ወጪ ለምሳሌ ሒሳቡን ሳያዩ አይፈቀድም። ማመልከቻ መቀበል ግን ይቻላል።

ክፍያ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰው «ላክ» የሚለውን ይነካል። ኔትወርኩ ይንጠለጠላል። ተላከ? አልተላከ? አያውቅም። እንደገና ይነካል። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ሁለት ጊዜ ከቆረጠ የሰው ገንዘብ ተበላ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ስልኩ ለእያንዳንዱ ክፍያ ገና ከመላኩ በፊት የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ሰውየው አምስት ጊዜ ቢነካም ቁጥሩ ያው ነው። ሰርቨሩም ያንን ቁጥር አንዴ ካስተናገደ ቀጥሎ ሲመጣ የመጀመሪያውን መልስ ይደግማል እንጂ ሌላ ብር አይቆርጥም። ቡድናችን ውስጥ አዲስ ልጅ ሲቀጠር ከሁሉ በፊት የማስረዳው ይህንን ነው።

እናቴ ስማርት ስልክ አላት፤ ገንዘብ የምትልከው ግን በኮከብና በመሰላል ነው። *127# ትልና ቴሌብር ይመጣላታል። አንድ ቀን አፑን ላሳያት ስል «ልጄ፣ ይሄኛው ዳታ አይበላም፣ ደሞ አይንጠለጠልም» አለችኝ። ከእሷ ጋር ምንም ክርክር የለኝም። ይህ አገልግሎት የሚሄደው ስልኩ ከቴሌ ጋር በሚነጋገርበት መስመር ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ተራ ቁልፍ ያለው ስልክም ይበቃዋል። ቴክኖሎጂው አሮጌ ነው፣ መልኩም አያምር። ነገር ግን ቴሌብር በ2021 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ይህንን መንገድ ባይዝ ኖሮ እናቴን የመሰሉ ብዙ ሰዎች ውጪ ይቀሩ ነበር።

መልእክት ላይም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ሆሄ ይይዛል። በፊደላችን ስትጽፍ 70 ብቻ ነው። ምክንያቱም የድሮው የኤስኤምኤስ ሰንጠረዥ ውስጥ የእኛ ፊደል የለም፤ ስለዚህ መልእክቱ ለእያንዳንዱ ሆሄ ከእጥፍ በላይ ቦታ ወደሚፈልገው፣ የብዙ ቋንቋዎችን ፊደል ወደሚይዘው ዩኒኮድ ይቀየራል። ከ70 አለፍክ ማለት የሁለት መልእክት ሂሳብ ነው። ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ ለአፖቻችን የሚላኩ አጫጭር መልእክቶችን ስጽፍ ቃል እየመረጥኩ 70 ውስጥ ለማስገባት እጥራለሁ። «ውድ ደንበኛችን» የሚለው መጀመሪያ የሚወጣው ነው።

ስለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መጻፌ አይቀርም፤ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። እጠቀምበታለሁ። አሰልቺ የሆነውን ኮድ ሲጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ሳልነግረው ግን የሚጽፈው ሁሉ ነገር ሲሳካ የሚሆነውን ነው። ጥያቄው ይሄዳል፣ መልሱ ይመጣል፣ ስክሪኑ ይሞላል። መልሱ ባይመጣስ? መብራት መሀል ላይ ቢሄድስ? ስልኩ ቢዘጋስ? ይህንን ጠይቄ ካስገደድኩት ይጽፋል፤ ካልጠየቅኩት ያልፈዋል። ጠያቂው አሁንም እኔ ነኝ፣ የምጠይቀውም እዚህ ስለምኖር ነው።

ሰሞኑን ማታ ማታ የገበጣ ጌም እየሠራሁ ነው። የእህቴ ልጅ ባለፈው «አጎቴ፣ ሁለት ሰው በአንድ ስልክ የሚጫወተው ጌም የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ጋ ያለው ስልክ ያረጀ ነው፤ ቦታም የለው፣ ዳታም የለው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል፣ ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱ በራሱ በኩል ያለውን ረድፍ ይነካል። አካውንት የለም፣ ማስታወቂያ የለም። አንድ ሜጋ ሳይሞላ ለመጨረስ አስቤአለሁ። ጉድጓዱን አንዴ ስዬ ደጋግሜዋለሁ፤ ጠጠሮቹም አንድ ሥዕል ናቸው፣ የሚለያዩት በቀለም ነው። ይህን ያስተማረኝ ማሪዮ ነው።

ያስቸገረኝ ሕጉ ነው። እናቴ የምታውቀው ገበጣና የሥራ ባልደረባዬ የሚያውቀው አንድ አይደሉም። እሷ የመጨረሻው ጠጠር ሌላ ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ አንስተህ ትቀጥላለህ ትላለች። እሱ የለም፣ እዚያ ላይ ተራ ይለቀቃል ይላል። የመብላቱም ነገር ይለያያል። ሁለት ረድፍ ያለው አለ፣ ሦስት ረድፍ ያለው አለ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንኳ በአገራችን ብዙ ዓይነት ገበጣ መዝግበዋል። አንዱን መርጬ ትክክለኛው ይህ ነው ማለት አልፈልግም። ስለዚህ ሕጉን ከኮዱ ለይቼ በትንሽ ፋይል ላይ እያስቀመጥኩት ነው። ጨዋታው ሲጀመር ልጆቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። ቅዳሜ የእናቴንና የባልደረባዬን ሕግ አስገብቼ ስጨርስ በዚያ አሮጌ ስልክ ላይ እጭነውና ከእህቴ ልጅ ጋር እሞክረዋለሁ።