እናቴ ለእኔ ያልነገረችው

እናቴ የመጣችው አራስ ልትጠይቅ ነው። ባለቤቴ ሴት ልጅ ወለደች፤ እናቴም ከደብረ ብርሃን የአጃ ዱቄትና በርበሬዋን ይዛ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጣች። ክርስትናው በ80 ቀን ስለሆነ እስከዚያ ትቆያለች ተባብለናል። 67 ዓመቷ ነው፤ ግን ቁጭ ማለት አታውቅም። ገንፎው፣ እጥበቱ፣ ሕፃኗን ማስተኛቱ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነበር።

በመጣች በ3ኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ጎኗን ስትይዝ አየኋት። «ምች ነው፣ ዳማከሴ ቢኖር ዛሬውኑ ይለቀኝ ነበር» አለችኝ። ሐሙስም ያው። አርብ ማታ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ሳትተኛ ስታድር ያየኋት ባለቤቴ ናት፤ ሕፃኗን ልታጠባ ተነስታ። ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣሁ ዝም ብዬ መኪና ውስጥ አስገባኋት።

የሄድነው ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ክሊኒክ ነው፤ እዚህ ሁላችንም ዩርጀንት ኬር የምንለው። እናቴ ጎብኚ ስለሆነች የሚሠራ ኢንሹራንስ የላትም። 180 ዶላር አስቀድሜ ከፈልኩ። የሆስፒታል ኢመርጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት ገንዘብ ኖረህም አልኖረህም መርምሮ ማየት አለበት። እንዲህ ያለው ክሊኒክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያ ግዴታ የለበትም።

ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ «ምን ሆና ነው?» አለችኝ። ወደ እናቴ ዞርኩ። «ልቤን ያቃጥለኛል በላት» አለችኝ። እኔም እንዳለችው «ልቧን ያማታል» ብዬ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩ።

እዚህ ጋ ነው የተበላሸው። በእኛ አማርኛ ልብ ስንት ነገር ነው። ጨጓራዋን የሚያማትም፣ የሚያስመልሳትም «ልቤን» ትላለች። በእንግሊዝኛ ግን የ67 ዓመት ሴት ልቧን አመማት ከተባለ ሁሉም ይሮጣል። መሮጣቸውም ትክክል ነው፤ አልፈርድባቸውም። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው እንዲህ ያለ ክሊኒክ ራሱ መሄድ የለበትም፤ 911 ነው የሚደወለው።

ወዲያው አስገቧት። ግፊቷን ለኩ፣ ሙቀቷን ለኩ። ነርሷ መጋረጃ ዘግታ ኢኬጂ፣ ማለትም የልብ ምርመራ፣ ስታነሳት እኔ ከመጋረጃው ውጭ ቆሜ «እማዬ፣ እጅሽን ዘርጊ፣ አትንቀሳቀሺ» እላለሁ። በኋላ እንደሰማሁት እናቴ በቀኝ በኩል ያለውን ልብሷን ጨብጣ አልለቅም ብላ ነበር። ነርሷ አፍራ ነው ብላ አላስገደደቻትም።

ከዚያ ፒኤዋ መጣች። ፒኤ ማለት ሐኪም ባትሆንም የምትመረምርና መድኃኒት የምታዝ ባለሙያ ናት። «ሕመሙ ከ10 ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቴን ጠየቅኳት። «ይቻላል ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። እኔ 3 ብዬ ተረጎምኩ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። እናቴ ቁጥር አልሰጠችኝም። 3 የእኔ ቁጥር ነው።

ኢኬጂው ደህና ሆነ። ፒኤዋ ግን በዚህ ዕድሜ ልብ ከተባለ የደም ምርመራ ያስፈልጋል፣ እኛ ጋ የለም፣ ሆስፒታል ሂዱ አለችን። ወረቀቱ እስኪዘጋጅ ወጥተን ተቀመጥን። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ኢመርጀንሲ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እያሰብኩ ነበር። ከፊት ለፊታችን ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ለአባቷ በስፓኒሽ ታስተረጉማለች። እሱ ይናገራል፣ እሷ ፊቷ ይቀላል።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማንበብ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ወጣት ሳለች። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ጽሑፍ አይታ አታልፍም። የሱቅ ሰሌዳም ይሁን የበርበሬ ከረጢት ጣቷን እያስከተለች ታነባለች። ጆርጂያ አቬኑ ላይ በመኪና ስንሄድ ሁሉንም ምግብ ቤት ታነብልኛለች።

ሪሴፕሽኑ አጠገብ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ተነስታ ሄደች። ጣቷን ዘረጋች። የቋንቋ እርዳታ በነጻ እንደሚገኝ በአማርኛ የሚናገረውን መስመር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይኼ ለእኔም ነው?» አለች።

እዚህ አገር ስኖር 11 ዓመቴ ነው። ያንን ወረቀት ስንት ቦታ አይቼዋለሁ። አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም።

ሄጄ ጠየቅሁ። ልጅቷ «አንተ አለህ አይደል?» አለችኝ፤ ቅር አላት። እኔም ደገምኩ፦ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ»። ከዚህ በላይ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ኦባማኬር የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ቁጥር 1557 የሆነ አንቀጽ አለው። ከመንግሥት የጤና ኢንሹራንሶች፣ ከሜዲኬር ወይም ከሜዲኬይድ፣ ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። ትንሽ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ሕይወት የሚያሰጋ አጣዳፊ ነገር ካልሆነ በቀር አይፈቀድም። ያቺ የዐሥር ዓመት ልጅ እዚያ መቆም አልነበረባትም።

ፒኤዋ መልሳ አስገባችን፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው። አንዲት ሴት መጀመሪያ የመለያ ቁጥሯን በእንግሊዝኛ ተናገረች፣ ከዚያ በጥሩ አማርኛ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የሚሉትን ሁሉ እንዳለ ነው የማደርሰው» አለቻት። እናቴ የሰው ፊት ሳታይ ለስልኩ ጎንበስ ብላ ሰላምታ መለሰች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተ ትንሽ ወጣ በልልን።»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ምን እያለች ይሆን እያልኩ ሆዴ ተረበሸ። የማላውቃት ሴት ለእኔ ያልተነገረውን እየሰማች ነው።

ሲጠሩኝ እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች ነበር። ፒኤዋ ልብ አይደለም አለች። አስተርጓሚዋ በአማርኛ ቀጠለች፦ «አልማዝ ባለጭራ ነው።»

ከቀኝ ጡቷ ሥር ተነስቶ እስከ ጀርባዋ የዞረ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ። አርብ ጠዋት ስትታጠብ ነው ያየችው። ለወንድ ልጇ ጡቴ ሥር ብላ እንዴት ትናገር! «ልቤን» ያለችው ለዚህ ነበር። የሕመሙን ልክ ሲጠይቋት ለአስተርጓሚዋ «ጋቢው ሲነካኝ እሳት ነው፣ 3 ሌሊት አልተኛሁም» ብላለች። ፒኤዋ 9 ብላ ጻፈች።

አልማዝ ባለጭራ ከጉድፍ ቫይረስ ነው የሚመጣው። በልጅነት የያዘን ጉድፍ ከዳንን በኋላ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወይም ሰውነት ሲደክም በአንድ ነርቭ መንገድ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የሚዞረው ለዚህ ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምችም የዚሁ ቫይረስ ዘመድ ነው። እናቴ ምች ማለቷ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም።

መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚሻለው። እኛ ሁለተኛው ቀን ላይ ነበርን። በቀን 3 ጊዜ፣ ለ7 ቀን፣ በድምሩ 21 ፍሬ። ፋርማሲው መጀመሪያ የጠራው ዋጋ አስደነገጠኝ፤ የቅናሽ ኩፖን ስልኬ ላይ ሳሳይ በብዙ ወረደ። ኢመርጀንሲ ሄደን ደሟን ሲመረምሩ አድረን ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሰዓት ብዙው ያልቅ ነበር።

ፒኤዋ አንድ ነገር አስጠነቀቀች። ቋጠሮው እስኪደርቅ ሽፍታው ይሸፈን፣ ሕፃኗን አትያዝ። ውሃው ከነካት ጉድፍ ሊይዛት ይችላል። አስተርጓሚዋ ይህን ስታስተላልፍ ድምፅዋ ለስለስ አለ። እናቴ ዝም አለች። በሽታውን ስትሰማ ያልደነገጠች ሴት፣ እዚህ ላይ እንባዋ መጣ። «አራስ ልጠይቅ መጥቼ እኔው ልታረስ?» አለች። ከመውጣታችን በፊት ለስልኩ «ዕድሜና ጤና ይስጥሽ የኔ ልጅ» ብላ መረቀቻት።

መኪና ውስጥ ገብተን «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ለሴት ልጅ እንጂ ለወንድ ልጅ ይነገራል?» አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፤ ግልጽ ነገር እንደምታስረዳ ሰው ነው የተናገረችው።

ከዚያ በኋላ ከአስተርጓሚ ጋር ነው የማስገባት፤ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ። ማታ ማታ አሁንም ትንሽ ያቃጥላታል፤ ወራት ሊቆይ ይችላል ብለውናል። 50 ዓመት ያለፈው ወላጅ ያላችሁ፣ ለአልማዝ ባለጭራ ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ክትባት እንዳለ እወቁ። እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

10 ቀን ሙሉ ሕፃኗን ከበሩ ላይ ሆና ነበር የምታያት። እዚያው ቆማ ታባብላታለች፣ ትዘፍንላታለች። በ11ኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ሽፍታውን አየችላት። ደርቋል። እናቴ ታጠበች፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለበሰች፣ ሶፋው ላይ ትራስ አመቻችታ ተቀመጠች።

«በሉ አሁን አምጧት» አለች።