የቲቸር ምጣድ

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያለችውን ቅዳሜ አቃቂ ቲቸር ቤት ዋልኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ ማታ አቧራ በአቧራ ሆኜ ነው የወጣሁት፣ ግን እንደዛ ቀን ደስ ብሎኝ ሰርቼ አላውቅም።

አስረኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ኤሌክትሪሲቲ ላይ ስንደርስ "እቤታችሁ ያለው ምጣድ ስንት ዋት ነው?" ብለው ጠየቁን፣ ማንም አላወቀም። ከዛ የራሳቸውን ቤት ምጣድ ሰሌዳው ላይ ሳሉልን፣ 3,500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር፣ "አምፖል ደግሞ ግማሽ አምፔር እንኳን አይሞላም፣ ታዲያ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ገመድ ታስኬዷቸዋላችሁ?" አሉን። እኔ ከዛን ቀን ጀምሮ እቤት ያለውን እቃ ሁሉ ጀርባውን እያዞርኩ ዋቱን ማንበብ ጀመርኩ፣ ዛሬ ኤሌክትሪሺያን የሆንኩት በዚሁ ነው።

አንዴ ደግሞ በራሳቸው ብር ዳቦ ገዝተውልን በእግራችን አባ ሳሙኤል ግድብ ወሰዱን። የሀገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፣ 6.6 ሜጋ ዋት፣ ኋላ ታደሰ እንጂ ያኔ ስራ አቁሞ ነበር። እዛው ሳሩ ላይ አስቀምጠውን በአንዴ ስንት ምጣድ እንደሚያስጋግር አስሉ አሉን፣ 1,900 ገደማ መጣ።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ህዳሴ ሲመረቅ ታዲያ 5,150ውን ሜጋ ዋት በዛችው ምጣድ አካፍዬ "ቲቸር፣ 1 ሚሊዮን 470 ሺህ ምጣድ!" ብዬ ቴክስት አደረግኩላቸው። ወዲያው ደወሉ። "መስመር ላይ የሚባክነውንስ ቀንሰሃል?" አሉኝ፣ ያው ቲቸር ናቸው። እግረ መንገዳቸውን ነው የምጣዱ ሶኬት እየቀለጠ እንዳስቸገራቸው ያነሱልኝ።

ሄጄ ኮርኒሱን ስከፍት ምጣዱ ከመብራቱ ጋር በአንድ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቀጭን ገመድ ነው የሚሰራው፣ መቀጠያው በፕላስተር ተጠቅልሎ ጠቁሯል፣ ኧርዝ የሚባል፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ገመድ የለም። ሲጋገር ገመዱ በእጅ ሲነካ ይሞቃል አሉ ባለቤታቸው። ልቤ ስብር አለ። ያንን ትምህርት ለስንት ክፍል ተማሪ ያስተማሩ ሰው! "አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ዘንድሮ አስቀይረዋለሁ ዘንድሮ አስቀይረዋለሁ ስል ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፣ ከዛ ጡረታ መጣ።" የመምህር ደሞዝ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ለምጣዱ ለብቻው ወፈር ያለ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ከነብሬከሩ ዘረጋሁ፣ ጓሮ የኧርዝ ዘንግ ቀበርኩ፣ የመብራቱንም መስመር ቀየርኩት። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ባትሪ ይዘው እያበሩልኝ በየመሀሉ "ይሄስ ለምንድነው?" ይሉኛል፣ አሳምረው እያወቁ። ሳስረዳቸው ዝም ብለው ያዳምጡኛል፣ ልክ ሰሌዳ ፊት አውጥተውኝ እንደሚያደርጉት።

ብር ኪሴ ሊከቱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩት። የኔ እንጀራ የተጋገረው እኮ እዛች ምጣድ ላይ ነው፣ እንዴት ብዬ ነው የምቀበለው?

ማታ ባለቤታቸው ምጣዱን አሰሙት። ሶስተኛው እንጀራ ሲወጣ ቲቸር ተነስተው ገመዱን ዳበስ አደረጉት።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ። እጃቸውን ግን ቶሎ አላነሱም።