ቀይ ባሕር በኦሪገን

በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ሲያትል የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ በሄድሁበት ጊዜ ከሁሉ የበለጠ በልቤ የቀረው፣ ከፖርትላንድ በስተደቡብ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የኦሪገን ከተማ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያሳለፍሁት አንድ ምሽት ነው። የልጄ የሥራ ባልደረባ እናት በየሳምንቱ ሐሙስ በዚያ ቤተ መጻሕፍት የውጭ ፖሊሲ ውይይት ይመራሉ። የሳምንቱ ርእስ የቀይ ባሕር ጸጥታ መሆኑን ስሰማ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ካልሄድሁ ብዬ ተነሣሁ።

መንገዱ አንገፈገፈኝ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይነሣል የተባለው አገር አቋራጭ አውቶቡስ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሣ፤ ስለ መዘግየቱም ከማንም ይቅርታ አልሰማንም። ለትኬቱ 31 ዶላር ከፍዬ ሳለ፣ ልጄ ለውይይቱ መሪ የላከችው ድፎ ዳቦ ያለበት ዘንቢል እንደ ሁለተኛ ሻንጣ ተቆጥሮ 15 ዶላር ጨምር ተባልሁ። በጊዜው ምንዛሪ 480 ብር ገደማ መሆኑ ነው። መርካቶ አውቶቡስ ተራ ቢሆን ከረዳቱ ጋር ተነጋግረን በግማሽ እንስማማ ነበር፤ እዚያ ግን ሠራተኛዋ ወደ ማሽኑ ከመጠቆም በቀር የምትለው አልነበራትም። ታኮማንና ኦሎምፒያን አልፈን የኮሎምቢያን ወንዝ በካፊያ ተሻገርን፤ ከፖርትላንድ ሌላ አውቶቡስ ይዤ ከተማዋ ስደርስ ውይይቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ይህ ዓይነቱ ውይይት በዚያ አገር ረጅም ዕድሜ አለው። በ1918 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የውጭ ፖሊሲ ማኅበር «ታላላቅ ውሳኔዎች» የተባለውን መርሐ ግብር በ1954 የጀመረው እዚያው ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ውስጥ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ስምንት ርእሶች የያዘ መጽሐፍ ያሳትማል፤ ጎረቤታሞች በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በየቤታቸው ተሰብስበው አስቀድመው ያነበቡትን ይወያዩበታል፤ በመጨረሻም አስተያየታቸውን በመጠይቅ ሞልተው ይልካሉ።

ከምሽቱ 12፡30 ሲሆን አሥራ ሰባት ሰዎች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ሁሉም መጽሐፋቸውን በእርሳስ አስምረውበት መጥተዋል። አጭር ፊልም ካየን በኋላ አወያይዋ አንድ ሕግ ብቻ አስታወሱ፤ የሚናገር ሰው ሐሳቡን ያገኘበትን ገጽ ይጥቀስ። አንድ ሽማግሌ ስለ ቻይና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ አወያይዋ «ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» ብለው በትሕትና ጠየቋቸው፤ ሰውዬው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አጡትና «እንግዲያው የራሴ ግምት ነው» ብለው ተቀመጡ። ይህ እጅግ ደስ አሰኘኝ። በወጣትነቴ ወመዘክር ሄጄ ሳነብ ቤተ መጻሕፍት ለእኔ ድምፅ የማይሰማበት ቦታ ነበር፤ ስለ ባሕር በርና ስለ ዓባይ የምንከራከረው በታክሲ ውስጥ፣ በቡና ላይና በለቅሶ ቤት ድንኳን ነው። ክርክራችን ከእነርሱ ይልቅ የጋለ ነው፤ ጉዳዩ የሚነካው እኛን ነውና። ነገር ግን ሁላችንም አንድ ጽሑፍ አንብበን የተከራከርንበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ይህም ያንገበግበኛል።

ያዘንሁበት ነገርም ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል የተነገረው ስለ መርከቦች፣ ስለ ነዳጅና ስለ ጦር ሰፈሮች ብቻ ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው የባብ ኤል ማንደብ ወሽመጥ፣ በጅቡቲ ስላለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ቻይና በ2017 እ.ኤ.አ. እዚያው አቅራቢያ ስለከፈተችው ሰፈር በሚገባ ተናገሩ። በዚያው ሳምንት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ማይክ ፖምፔዮ አዲስ አበባ እንደነበሩም የጠቀሰ ሰው ነበር። በባሕሩ ዳርቻና ከዳርቻው ጀርባ ስለሚኖረው ሕዝብ ግን ማንም አላነሣም።

አወያይዋ «እንግዳችን የሚሉት ካለ» ሲሉኝ ተነሥቼ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ካርታ ሄድሁ። አሰብ የሚል ጽሑፍ አልነበረውም። ፈቃድ ጠይቄ በእርሳስ ነጥብ አደረግሁና ታናሽ ወንድሜ በአሰብ መንገድ ለአሥራ አንድ ዓመት ከባድ መኪና እንደነዳ፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ማዳበሪያ ሊጭን ሲሄድ ከመንገድ እንደተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ መመላለስ እንደጀመረ ነገርኋቸው። በመስከረም 2011 ወደ አሰብ የሚያሳልፈው የቡሬ ድንበር ሲከፈት በቤታችን የነበረውን ደስታ፣ በወራት ውስጥ ሲዘጋም የወንድሜን ዝምታ ጨመርሁበት። ለእናንተ የመርከብ መተላለፊያ የሆነው ባሕር ለእኛ የነዳጅና የማዳበሪያ ዋጋ ነው አልኋቸው። ገጽ መጥቀስ አልቻልሁም፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም።

ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አስመራ በቃኘው ጣቢያ የሬድዮ መልእክት ያደምጡ የነበሩ ወታደር ናቸው። አሜሪካ በ1953 በፈረመችው የ25 ዓመት ስምምነት የያዘችው፣ በ1977 የተዘጋው ያ ጣቢያ ነው። ሁለት ዓመት ኖረውበት የስሙን ትርጉም ማንም እንዳልነገራቸው ተናገሩ። አባ ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም መሆኑን፣ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃችንም በዚሁ ስም መጠራቱን፣ መቃኘት ማለትም ዙሪያን ማየት፣ መሰለል እንደሆነ አስረዳኋቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥሎም ቃሉን በግእዝ ፊደል እንድጽፍላቸው መጽሐፋቸውን ወደ እኔ ገፉት፤ ጻፍሁላቸው፤ ከሥሩ በራሳቸው እጅ አንድ በአንድ ገለበጡት። «ኘ» ላይ ያለችው ሰረዝ አስቸግራቸው ሁለት ጊዜ ሰርዘው ጻፉ።

የአስተያየት መጠይቁ ሲታደል ለእኔም ደረሰኝ፤ ነገር ግን አልሞላሁትም፤ ያ የዜጎቹ ነው።

አወያይዋ በዝናብ እንዳልሄድ ብለው በመኪናቸው ወደ ማደሪያዬ ወሰዱኝ። ማደሪያው ለአንድ ሌሊት 89 ዶላር ያስከፈለኝ፣ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያደረ ክፍል ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም። መንገድ ላይ ሳለን የቀጣዩ ሳምንት ርእስ ዘመናዊ ባርነትና የሰዎች ዝውውር መሆኑን ነገሩኝ። ያን ጊዜ በስብሰባው ላይ ሳልናገረው የቀረሁት ነገር ትዝ አለኝ። የጎረቤቴ ልጅ ከጅቡቲዋ ወደብ ከኦቦክ በጀልባ ያንኑ ወሽመጥ ተሻግሮ በየመን በኩል ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት የወጣ ነው፤ እናቱ እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፁን አልሰማችም። አወያይዋ መኪናውን ዳር አቁመው የውስጡን መብራት አበሩ፤ «ጥያቄዎን ይጻፉልኝና በእርስዎ ስም አቀርበዋለሁ» አሉኝ። በጉልበቴ ላይ ጻፍሁት፤ በዚያ ባሕር ላይ የሚያልፈውን እያንዳንዱን መርከብ የሚቆጥር አገር፣ በጀልባ የሚሻገሩትን ልጆች ማን እንዲቆጥራቸው ይጠብቃል? እርሳቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ኦቦክ እንዴት እንደሚጠራ ጠየቁኝ፣ ደጋግመው ለመዱት፤ ወረቀቱንም በአራተኛው ምዕራፍ መካከል አድርገው መጽሐፉን ዘጉት።